ቀዳዳው በራሱ አይዘጋም፦ ስለ ለስላሳ መጠጥና ስለ ጥርስ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። በለስላሳ መጠጥ የተበላሸ ጥርስን ያለ ሐኪም፣ እዚያው ቤት ውስጥ ማዳን ይቻላል ይላል። ላላነበባችሁት ሐሳቡን ላሳጥረው። ጥርስ እንደ አጥንት ራሱን ይጠግናል፤ ስለዚህ ለስላሳውን ትታችሁ በጭማቂና በማር ብትተኩት፣ ካላስቻላችሁም ስኳር የሌለውን ለስላሳ ብትጠጡ፣ በጠጣችሁ ቁጥር ወዲያው ጠበቅ አድርጋችሁ ብትቦርሹ፣ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ጥላችሁ በከሰልና በሎሚ ብታሹ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። የልጆች የወተት ጥርስ ወላቂ ስለሆነ አያስጨንቅም። ሐኪሞች ቦርቡረው የሚሞሉት ለገንዘብ ነው። ሕመሙ ከቆመ ደግሞ ድናችኋል።

ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። መዳን የሚችል ጥርስ ይዞ በከሰል እያሸ የሚጠብቅ ሰው፣ ወራት ሲያልፉ የሚነቀል ጥርስ ይዞ ይመጣል። ጽሑፉ ከሰው ላይ የሚወስደው ይህንን ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሂድ። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ፣ እሱንም እናገራለሁ።

ጥርስ ራሱን ይጠግናል ከሚለው እንነሳ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው።

የጥርሳችን የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማው ማዕድን ነው፣ በዋናነት ካልሲየምና ፎስፌት። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው፣ ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይቀይሩታል። የአሲድነት መለኪያው፣ ማለትም ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል)፣ ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ማዕድኑ ከኢናሜሉ እየሟሟ ይወጣል። አሲዱ ሲረግብ ደግሞ ምራቅ የያዘውን ካልሲየምና ፎስፌት ለጥርሱ ይመልስለታል። ይህ መውጣትና መግባት በየቀኑ በሁላችንም አፍ ውስጥ ይካሄዳል። የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ፣ መጀመሪያ የሚታየው ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከድዱ ጠርዝ አጠገብ። በዚህ ደረጃ የጥርሱ ገጽ ገና አልፈረሰም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ስኳሩን ቀንሳችሁ፣ ጥርሳችሁን በፍሎራይድ ሳሙና እየቦረሻችሁ ከሄዳችሁ ይህ ምልክት ባለበት ሊቆም፣ ተመልሶም ሊጠነክር ይችላል። ያለ መርፌ፣ ያለ ማሽን።

ገጹ አንዴ ፈርሶ ቀዳዳ ከሆነ ግን ጨዋታው ተቀየረ። አጥንት ሲሰበር የሚገጥመው በውስጡ ሕያው ሴሎችና የደም ሥሮች ስላሉት ነው። ኢናሜል ውስጥ አንድም ሕያው ሴል የለም። የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የጎደለውን እንደገና የሚሠራ የለም። ምራቅ የላላውን ያጠነክራል እንጂ የሌለውን አይገነባም። ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን በነርቩ በኩል ትንሽ መከላከያ መደረብ ይችላል፣ ያ ግን ነርቩን ለመሸሸግ ከውስጥ የሚሠራ ነው፣ ከውጭ ያለውን ቀዳዳ አይዘጋም። እንዲያውም ዴንቲን ከኢናሜል በጣም የላላ ስለሆነ፣ ፒኤቹ ገና ከ6 በላይ እያለ መሟሟት ይጀምራል። ከላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ስትከፈት ከሥር ሰፊ ጉድጓድ ሆና የምትገኘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከቀዳዳ በፊትና ከቀዳዳ በኋላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጽሑፉ አንድ አደረጋቸው፤ ስህተቶቹ በሙሉ ከዚያ ይፈሳሉ። የቱ ጋ እንዳላችሁ ደግሞ በመስታወት ብቻ አታውቁትም። በሁለት ጥርሶች መካከል የሚጀምረው መበላሸት ብዙ ጊዜ የሚታየው በራጅ ነው። እባካችሁ በስቴኪኒ ወይም በመርፌ እየወጋችሁም አትፈትሹት፤ ገና መዳን ይችል የነበረውን ገጽ ራሳችሁ ታፈርሱታላችሁ።

ወደ ጭማቂና ማር ልለፍ። ለልጆቻቸው በጎ ያደረጉ እየመሰላቸው የሚጎዷቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባክቴሪያው ስኳሩ ከፋብሪካ ይምጣ፣ ከንብ ቀፎ ይምጣ፣ ከብርቱካን ይምጣ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ መገደብ አለባቸው ካላቸው ስኳሮች ውስጥ የማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርም አብሮ ይቆጠራል። መመሪያው እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምግብ ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ አንዱ ጣሳ ብቻውን የቀኑን ልክ አለፈ ማለት ነው። ስኳር ያልተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂስ? በዚያው መጠን 25 ግራምና ከዚያም በላይ ይሆናል። የራሱ ሲትሪክ አሲድ ደግሞ አለበት። ፍሬውን ነክሶ ማኘክ ከዚህ ይለያል፤ ስኳሩ በፍሬው ውስጥ እንደታሸገ ነው፣ ማኘኩም ምራቅ ያመጣል። ተጨምቆ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ግን ለጥርስ ከለስላሳ ብዙም የተለየ አይደለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነገር ድግግሞሹ ነው። ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጥርስ ላይ ያለውን አሲድ ለክቶ ያሳየው ይህንን ነው። ስኳር አፍ ውስጥ ከገባ በጥቂት ደቂቃዎች ፒኤቹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አሁን ሁለት ሰዎች አስቡ። አንዱ ጣሳውን ከምሳው ጋር ጠጥቶ ጨረሰ። ሌላው ያንኑ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስከ ማታ አንድ አንድ ጉንጭ እያለ ይጠጣል። የጠጡት ስኳር እኩል ነው። የመጀመሪያው ጥርስ አንድ ጊዜ ተመትቶ አገገመ፤ የሁለተኛው ግን ከሰዓቱን ሙሉ ፋታ አላገኘም። በስዊድን ቪፔሆልም በሚባል ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተካሄደ ጥናትም ወደዚሁ ይመራል፤ ከምግብ ጋር የተወሰደ ስኳር ያደረሰው ጉዳት ትንሽ ሲሆን፣ በምግብ መሀል እየተደጋገመ የተበላ የሚጣበቅ ጣፋጭ ግን ጥርሶችን አወደመ። ጥናቱ የተሠራው እሺ ወይም እምቢ ማለት በማይችሉ የአእምሮ እድገት ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ስለነበር ውጤቱን ስንጠቅስ የተከፈለበትንም ዋጋ ማስታወስ አለብን። አሳፋሪ ነበር።

ስለዚህ ለስላሳን ጨርሶ መተው ያቃተው ሰው እንኳ ብዙ ማድረግ ይችላል። ከምግብ ጋር ይጠጣው፣ በአንዴ ይጨርሰው፣ በመሀል ውሃ ብቻ ይጠጣ። ከመኝታ በፊት ደግሞ በጭራሽ። ስንተኛ ምራቃችን በጣም ስለሚቀንስ ማታ የገባው ስኳር ሌሊቱን ሙሉ ያለ ተከላካይ ይሠራል።

ስኳር የሌለው ለስላሳ ችግር የለውም ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ባክቴሪያውን አይመግብም፣ በዚህ በኩል ከስኳራሙ ይሻላል። መጠጡ ራሱ ግን አሲድ ነው። ኮላ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ፣ በሌሎቹ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ አለ፤ የኮላ ፒኤች 2.5 አካባቢ ነው። ይህ አሲድ የማንንም እርዳታ ሳይፈልግ ኢናሜሉን በቀጥታ ያሟሟዋል። ጥርሱ አይቦረቦር ይሆናል፣ ግን ይሳሳል፣ ጠርዙ ይሰበራል፣ ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠዘጥዛል።

ወዲያው ጠበቅ አድርጎ መቦረሽስ? ይህን የሚሉት በቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን አሲድ ያለሰለሰውን ገጽ በብሩሽ መፈግፈግ የላላውን ሽፋን ይዞት ሊሄድ ይችላል። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። በመሀል ስኳር የሌለው ማስቲካ ብታኝኩ ምራቅ ያመጣል፣ ይጠቅማል። ብሩሹ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ቆሻሻውን የሚያነሳው አያያዙና ጊዜው ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ከመተኛት በፊት፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው።

አሁን ፍሎራይድ። ጽሑፉ መርዝ ነው ይላል፣ በከሰልና በሎሚም ይተካዋል። ፍርሃቱ ከምንም ተነስቶ እንዳልመጣ መናገር ፍትሐዊ ነው። የከርሰ ምድር ውሃቸው በተፈጥሮ ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ቦታዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ለዓመታት የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፣ መጠኑ በጣም ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ይህ እውነት ነው። ችግሩ ግን የሚመጣው ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተዋጠ ፍሎራይድ ነው፤ የጥርስ ሳሙና ተቀብቶ የሚተፋ ነገር ነው። ሥራውም ግልጽ ነው። ማዕድኑ ወደ ጥርሱ ሲመለስ ፍሎራይድ አብሮ ይገባና ከበፊቱ ይልቅ አሲድን የሚቋቋም ገጽ ይፈጥራል፤ ይህ አዲስ ማዕድን የሚሟሟው ፒኤቹ ወደ 4.5 ሲጠጋ ነው። ጸሐፊው ጥርስ ራሱን ይጠግናል ብለው ያመኑበትን ሥራ በደንብ የሚያግዘው እሳቸው ጣሉት ያሉት ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል አስገብቶታል።

ሳሙና ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። የፍሎራይዱ መጠን በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ (ppm) የሆነውን ምረጡ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ እናንተው ቦርሹለት፣ እንዲተፋ አስተምሩት። አዋቂም ቢሆን ከቦረሸ በኋላ አረፋውን ይትፋ እንጂ አፉን በውሃ ደጋግሞ አይጠብ። ሲያጥብ መድኃኒቱን አብሮ ያፈሰዋል።

ከሰልና ሎሚውስ? የሎሚ ፒኤች 2 አካባቢ ነው። በእሱ ጥርስን ማሸት ጽሑፉ ራሱ ያወገዘውን የለስላሳ አሲድ በእጅ እንደ መቀባት ነው። ከሰሉ ደግሞ ሸካራ ነው፣ በሎሚ የላላውን ይፈቀፍቀዋል። መጀመሪያ ላይ ከላይ የተለጠፈው ቀለም ስለሚነሳ ጥርሱ የነጣ ይመስላል፣ ሰው ደስ ይለዋል፣ ይቀጥላል። ኢናሜሉ እየሳሳ ሲሄድ ግን ከሥሩ ያለው ቢጫማ ዴንቲን መታየት ይጀምራል። ለንጣት የተጀመረው በቢጫ ጥርስ ያልቃል፣ የሄደው ኢናሜልም አይመለስም።

የወተት ጥርስ ወላቂ ነው የሚለው በጣም አሳዝኖኛል። መውለቁ እውነት ነው፤ የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። አንድ የ4 ዓመት ልጅ ጥርሱ ታሞ እስኪወልቅ ስንት ዓመት ሊጠብቅ ነው? ጥርሱ የታመመ ልጅ አይበላም፣ አይተኛም፣ ትምህርት አይገባውም። ከወተት ጥርሱ ሥር ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ነው፣ መግል ሲቋጠር እሱንም ሊነካው ይችላል። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ስለሚጠጉ ቋሚው መውጫ ያጣል። ሕፃን በጡጦ ጭማቂ ወይም ጣፋጭ ነገር እየጠባ እንዲተኛ ማድረግ የፊት ጥርሶቹን ገና በጨቅላነቱ ያስበላል፤ ማታ ጡጦ ካስፈለገ ውሃ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ፣ ምንም ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ይተወዋል። ቋሚ ነው፣ ሌላ ተተኪ የለውም። ከላዩ ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉት ቶሎ ይበላሻል፤ ስንጥቆቹን በስስ ሽፋን ማስደፈን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህልም ፍሎራይድ ማስቀባት በጣም ይረዳል።

ሐኪሞች ለገንዘብ ነው የሚቦረቡሩት ለሚለው፣ የማያስፈልግ ነገር የሚሠራ ሐኪም የትም ሊኖር ይችላል። ለምን እንደሚሞላ ጠይቁ፣ ራጁን አሳዩኝ በሉ፣ ካልረካችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መብታችሁ ነው። ግን ዛሬ ጥገናው ሁሉ በማሽን መቦርቦር እንዳልሆነ እወቁ። ጅምር ላይ ያለው በጠንካራ የፍሎራይድ ቅባት ይያዛል። የልጆችን የተበላ ጥርስ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ ማስቆም ይቻላል፤ የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ ግን አያምም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ በተጀመረ ዘዴ ደግሞ የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ቀዳዳው ፍሎራይድ በሚያመነጭ ሙሌት ይደፈናል፣ መብራትም አይጠይቅም። ትልቅ ቀዳዳ የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት ይሞላል፣ ነርቩ ከተበከለ የሥር ሕክምና ተደርጎ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ክዳን፣ ይለበሳል፣ ይህም ካልሆነ ይነቀላል። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? እየዘገየ በሄደ ቁጥር ሕመሙም ክፍያውም ይጨምራል። ገንዘብ ያሳሰበው ሰው ቀድሞ መሄድ ነው ያለበት። የተሞላ ጥርስም ቢሆን ከዳር ዳር እንደገና ይበላል፣ የአጠጣጡ ልማድ ካልተለወጠ።

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በጣም የምፈራውን ነው። ሕመሙ ከቆመ ድናችኋል ማለት። ቀዝቃዛ ሲነካው ለአፍታ ጠዝጥዞ የሚተው ጥርስ ብዙ ጊዜ ነርቩ ገና ደህና ነው፣ በሙሌት ይድናል። ሕመሙ ቢቆይ፣ ምንም ሳይነካው ቢነሳ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስ ግን ነርቩ ተጎድቷል። ከዚያ አንድ ቀን ፀጥ ይላል። ሰውየው እፎይ ይላል፣ ከሰሉን ያመሰግናል። የሆነው ግን ነርቩ ሞቶ ስሜት መስጠት ማቆሙ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርድና መግል ይቋጥራል፣ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ፊት ያሳብጣል። ቅርንፉድ መንከስ ሕመሙን ያደነዝዛል፣ እስክትታከሙ ያቆያችኋል፣ አልቃወመውም። አንቲባዮቲክ ግን ለነርቭ ሕመም አይሠራም፤ ለእብጠቱ ቢታዘዝ እንኳ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስላለ ሳይታከም ተመልሶ ይመጣል። ፊት ወይም አንገት እያበጠ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በጥርስ ኢንፌክሽን ሰው ይሞታል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። ስለ ጭማቂውም ስለ ከሰሉም ልንከራከር እንችላለን፣ ጊዜ አለን። ስለ ሕመም የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውርዱት፣ አንብቦት ጥርሱ ፀጥ ያለለትና ድኛለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዲታይ ይንገሩት።